መድኃኒቱን ለባለቤቱ ማስረከብ፦ ወላጆቻቸውን ያጡና ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ልጆች በሚያድጉበት ቤት ስላለው የዕለት ኑሮ

(በድሬዳዋ ለአሳዳጊ እናቶች፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፤

እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ ወላጆቻቸውን በሞት ያጡና እነርሱም ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ልጆች በአንድ ግቢ ተሰባስበው የሚያድጉበት ቤት ኑሮ ነው። ስለ እንዲህ ያሉ ቤቶች በአደባባይ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ወይ የልጆቹ አሳዛኝ ታሪክ ነው፣ ወይ የረጂዎቹ ቸርነት። ሁለቱም እውነት ቢሆኑም ዛሬ የምናገረው ጎህ ከመቅደዱ ጀምሮ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በግቢው ውስጥ ስለሚሠራው ተራ ሥራ ነው፤ የእነዚህ ልጆች ዕድሜ የሚረዝመውም ሆነ የሚያጥረው በዚያ ተራ ሥራ ነውና። አቋሜን ከመጀመሪያው ባስቀምጥ ይሻላል። አንድ ቤት ልጅን አሳደገ የሚባለው ልጁ እዚያ በኖረበት ዘመን ሁሉ መድኃኒቱ ስላልተጓደለበት ብቻ አይደለም። ልጁ አድጎ ከቤቱ በወጣ ማግስት፣ ጠሪና አስታዋሽ በሌለበት፣ መድኃኒቱን በራሱ እጅ አንሥቶ የሚውጥ፣ ስለምን እንደሚውጠውም አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሲገኝ ነው። ስለዚህ የቤቱ የዕለት ሥራ ሁሉ ቀስ በቀስ የማስረከብ ሥራ መሆን አለበት እላለሁ።

ይህን ለመረዳት እነዚህ ቤቶች በምን ዘመን እንደተቋቋሙ ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ድሬዳዋ በባቡሩም በአስፋልቱም ከጅቡቲ ጋር የተሳሰረች፣ መንገደኛ የሚያድርባትና ነጋዴ የሚመላለስባት ከተማ በመሆኗ ወረርሽኙ ሳይነካት የሚያልፍ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እናትና አባት ተከታትለው የሚሞቱበት፣ ወገቧ የጎበጠ አያት ልጅ ማሳደግን እንደገና የምትጀምርበት ቤት በዛ። ቫይረሱ ከእናታቸው የተላለፈባቸው ሕፃናት ሕክምና ካላገኙ ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞታሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ለሕፃናት የሚሆነው ሽሮፕና ትንንሽ ኪኒን ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ስለደረሰ በመካከሉ የአዋቂ ኪኒን በቢላ እየተከፈለና እየተፈጨ ለልጅ የተሰጠበት ጊዜ ነበር።

እንግዲህ ከመድኃኒቱ በፊት የተከፈተ ቤት ለአጭር ዕድሜ የተሰናዳ ቤት ነበር። ልጁ ብዙ አይቆይም ተብሎ ስለሚታሰብ የጠየቀው ሁሉ ይሰጠዋል፤ ሳህኑን አያጥብም፣ አልጋውን አያነጥፍም፣ ትምህርት ቢጠላ የሚቆጣው የለም። ሊሞት ነው በተባለ ልጅ ላይ የሚጨክን አንጀት ያለው ሰው ስለሌለ በዚህ የሚወቀስ አይኖርም። መድኃኒቱ ሲመጣ ግን ያው ልጅ በረታ፤ አሥር ዓመት ሞላው፣ አሥራ አምስት ሞላው፣ ጢም አቀመቀመ። ቤቱ ደግሞ የቀድሞ ልማዱን እንደያዘ ቀረ። እኔ እስከ ዛሬ በየቤቱ የማየው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ ለረጅም ዕድሜ የሚያዘጋጅ ሥርዓት ሳይዘረጋ ረጅም ዕድሜ ደረሰ። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወጣት ሻይ ማፍላት ሳይችል፣ የመድኃኒቱን ስም ሳያውቅ፣ ከክሊኒክ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀጠሮ አንድ ቀን እንኳ ራሱ ሳያነብ ከግቢው ሲወጣ ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው።

ወደ ዕለቱ ኑሮ ልመለስ። የድሬዳዋ ውሎ በፀሐይ የሚመራ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ሥራ መጨረስ ስለሚያስፈልግ ግቢው ገና ጎህ ሲቀድ ይነቃል፤ ውኃ ከመጣ በየባርሜሉና በየጀሪካኑ ይሞላል፣ ግቢ ይጠረጋል፣ ሻይና ዳቦ ወይም ፍርፍር ይቀርባል፣ የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ይሸኛሉ። ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ይገባል፤ የከሰዓት ፈረቃ ያላቸው በዚያ ፀሐይ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ በማንኛውም የድሬ ቤት ያለ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በማይታዩ ነገሮች ላይ ነው። የውኃውን ነገር ልውሰድ። ውኃ ተራ ጠብቆ በሚመጣበት ከተማ ባርሜል የሌለው ቤት የለም፤ ክዳን የሌለው ባርሜል ደግሞ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ከተማችን በ2006 ዓ.ም. ዴንጊን፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያን አይታለች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ ያመጣችውን የከተማ ወባ አይታለች። በሌላ ቤት ልጅ ሲያተኩሰው «የሰሞኑ ነው» ተብሎ እስከ ነገ ሊታይ ይችላል። በእኛ ዓይነት ቤት ግን ከትኩሳቱ በስተጀርባ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ተጓዳኝ በሽታ ሊኖር ስለሚችል እስከ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ልጁ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ስለዚህ ለባርሜሉ ክዳን ማሠራትና የተቀደደ አጎበር መጣፍ በበጀት ሰነድ ላይ «የግቢ ጥገና» በሚለው ሥር ቢጻፉም፣ እኔ ከሕክምና ሥራ እቆጥራቸዋለሁ። ሳልን ማዳመጥና በየወሩ ክብደት መመዘንም እንደዚሁ የቤት እናቷ ሥራ ነው፤ የልጅ መድኃኒት የሚለካው በክብደቱ ስለሆነ በሁለት ኪሎ የጨመረ ልጅ የቀድሞው ልክ ሊያንሰው ይችላል።

ስለ መድኃኒቱ አያያዝ ትንሽ ልዘርዝር፤ የዚህ ከተማ ነገር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነውና። ለረጅም ጊዜ ለትንንሾቹ ይሰጥ የነበረው የሎፒናቪርና የሪቶናቪር ሽሮፕ፣ ብዙዎቻችሁ ካሌትራ በሚለው ስሙ የምታውቁት፣ ሁለት ጠባይ ነበረው። አንደኛው መራራነቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማቀዝቀዣ መፈለጉ ነው፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚቆየው ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ ብቻ ነበር። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ላይ 25 ዲግሪ የሚገኘው የት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ ፍለጋ ወደ ሱቅ ይሮጣል፣ ወይም ጠርሙሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ መብራት ወዳለበት ሰፈር፣ ማቀዝቀዣ ወዳለው ወዳጅ ቤት ይላካል፤ ወዳጅም «ይኼ ደግሞ የምን መድኃኒት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለቤት እናቷ ከሽሮፑ የማይተናነስ ጭንቅ ነበር። ለመራራነቱ ግን ሐረርጌ የራሷ መላ ነበራት፦ የባቢሌ ኦቾሎኒ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከጥቂት ስኳር ጋር ይለወስና ልጁ ከመውሰዱ በፊት ምላሱን ይቀባል፣ ከወሰደ በኋላም ማንኪያውን ይልሳል። በሐኪሞች መመሪያ ላይ «የለውዝ ቅቤ» ተብሎ የተመከረውን እናቶች ከሰፈር ገበያ አግኝተውታል። ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ልኩ እንደገና ይሰጣል፤ ስለዚህ ሽሮፑ ከገባ በኋላ ቤቱ ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ይጠብቃል፣ ልጅም እንዳይሯሯጥ ይያዛል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ ሁሉ በእጅጉ ቀሏል። ለልጆች የተዘጋጀው 10 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር በጥቂት ውኃ የሚሟሟ፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለውና ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ኪኒን ነው። ልጁ 20 ኪሎ ሲደርስ የአዋቂውን ባለ 50 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ 30 ኪሎ ሲሞላ ደግሞ ሦስቱን መድኃኒት በአንድ ያጠቃለለ ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ መዋጥ በቂው ነው። ቀድሞ ጠዋትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይሰጥ የነበረው፣ ጠዋት ከትምህርት ቤት ጥድፊያ ጋር እየተጋጨ ስንት ጭቅጭቅ ያስነሣ የነበረው፣ አሁን ለብዙዎቹ የማታ ብቻ ሆኗል። አብዛኛው ቤት ከምሽቱ ሁለት ሰዓትን መርጧል፤ እራት ተበልቷል፣ ሙቀቱ በርዷል፣ ሁሉም ግቢ ውስጥ ነው፣ የቴሌቪዥን ዜናም በዚያው ሰዓት ስለሚጀምር የዜናው ሙዚቃ ለማንም ሊገለጥ የማይችል ደወል ሆኖ ያገለግላል። ይህን ደወል የፈለሰፈው ባለሙያ አይደለም፤ እናቶቹ ናቸው።

እንግዲህ የምናገርለት ማስረከብ የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው። በብዙ ቤቶች የምታዩት ሥርዓት እንዲህ ነው፦ የቤት እናቷ ቁም ሣጥኑን በቁልፍ ትከፍታለች፣ በየልጁ ስም የተለየውን ኪኒን ትቆጥራለች፣ ልጆቹ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይውጣሉ፣ በመዝገብ ላይ ምልክት ይደረጋል። መዝገቡ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው ይህን መዝገብ ስለሆነ ሁሉም ይደሰታል። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ትክክለኛ ሥርዓት ነው። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ጉዳት አለው፤ ልጁ የሚማረው መድኃኒቱ የእትዬ እንደሆነ፣ እርሱ እየዋጠ የሚውልላትም ለእትዬ ሲል እንደሆነ ነው። እትዬን ሲቀየም መጀመሪያ የሚቀጣት በምኑ ይመስላችኋል? ኪኒኑን ከምላሱ ሥር ደብቆ ከአበባው ሥር ይተፋዋል። ፍራሽ ሲገለበጥ፣ የአጥር ጥግ ሲጠረግ የተጠራቀመ ኪኒን ያላገኘች የቤት እናት ብዙ አይደለችም። መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ የደሙ የቫይረስ መጠን ምርመራ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ክሊኒኩ ለተከታታይ ወራት የምክር ቀጠሮ ይሰጣል፣ ከዚያም ምርመራው ይደገማል። በዚህ ጊዜ ልጁን መግረፍም ሆነ በእኩዮቹ ፊት ማዋረድ፣ ወይም «ሞተህ ታርፋለህ» ማለት ምንም አያመጣም። ለምን እንደተወው መጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ግን ያመጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ ቀላል ነው፦ አቅለሽልሾት ነው፤ ሌሊት ያስቃዠው ነበር፤ ይህም በቀድሞው ኢፋቪሬንዝ ላይ የተለመደ ነገር ነበር፤ ወይም ጓደኛው ጋ ሊያድር ፈልጎ ኪኒኑን ይዞ መሄድ አፍሮ ነው።

ማስረከቡ በአንድ ቀን የሚሆን አይደለም። ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ ውኃውን ራሱ ቀድቶ ይምጣ፣ ኪኒኑንም በመልኩ ይለይ። ዘጠኝ አሥር ሲሞላው ከጠርሙሱ ራሱ ቆጥሮ ያውጣ፣ እናቷ ትይ። አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሲሆነው ሰዓቱን ራሱ ይጠብቅ፤ እርሷ የምትጠራው ካለፈው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ካርዱን ይዞ ወደ ክሊኒክ ይሂድ፣ መጀመሪያ እርሷ በር ላይ ትጠብቀው፣ ቀጥሎ ብቻውን ይግባ፣ ሐኪሙን በራሱ አፍ ያናግር። መዝገቡንም በየደረጃው ልጁ ይሙላው። በዚህ ሂደት ውስጥ ኪኒን የሚያልፍበት ቀን መኖሩ አይቀርም። ይህን የሚሰሙ ሐኪሞች ፊታቸው እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ሆኖም በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ የሚመክረው ሰው አጠገቡ ባለበት ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ኪኒን፣ በሃያ ዓመቱ በኪራይ ቤት ብቻውን ሆኖ ከሚተወው አንድ ዓመት እጅግ ይሻላል።

ስለ ሃይማኖት አንድ ነገር መናገር ይገባኛል፤ በድሬዳዋ አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጅ ጎን ለጎን ስለሚያድግ ጥያቄው በየዓመቱ ይነሣል። በረመዷን ለአቅመ አዳም የደረሰው ልጅ መጾም ይፈልጋል፤ እኩዮቹ ሲጾሙ እርሱ ብቻ ቀን ሲበላ መታየት አይፈልግም። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ መሆኑን ሃይማኖቱ ራሱ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድ ጤነኛ ወጣት ራሱን እንደ ሕመምተኛ አይቆጥርም፣ እንዲቆጥርም አንፈልግም። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ በነበረበት ዘመን እንኳ በሱሁርና በኢፍጣር ማስማማት ይቻል ነበር፤ በእኛ አገር የጾሙ ርዝመት ከአሥራ ሦስት ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሆናል። አሁን በማታ አንድ ጊዜ ሲሆን ጥያቄው ራሱ ቀርቷል። ለመቁረብ የሚዘጋጀው ልጅም ጠዋት ምንም ሳይቀምስ መቆየቱ ከማታው ኪኒን ጋር አይጋጭበትም። የጠበሉ ነገር ከዚህ የከበደ ነበር፤ ዘመድ መጥቶ ልጁን ወደ ጠበል ወስዶ መድኃኒቱን ያስቆመበት ጊዜ አለ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉን መጠጣትና መድኃኒቱን መውሰድ እንደማይጋጩ በይፋ መናገራቸው ለእንዲህ ያሉ ቤቶች ትልቅ እርዳታ ሆኗል። ሼኾቻችንና ካህናቶቻችን ይህን በየጊዜው ቢደግሙልን ከብዙ ስብሰባ ይበልጥብናል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንካ። ለልጁ እውነቱን መንገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስለ ደማቸው ሁኔታ እንዲያውቁ ይመክራል። የምናደርገው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ «የጉሮሮህ መድኃኒት ነው»፣ «ቫይታሚን ነው»፣ «እንድታድግ ነው» እንላለን። ልጁ ዝም ሲል ያመነን ይመስለናል። ያ ልጅ ግን ማንበብ ችሏል፤ በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ያነባል፣ በሬዲዮ የሚነገረውን ይሰማል፣ በትምህርት ቤት በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ ኤች አይ ቪ ሲማር በልቡ ያገናኘዋል፤ ብቻውን ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ እኛ ልንነግረው ስንቀርብ እንደማያውቅ እያስመሰለ ይሰማናል፣ እኛንም ከእንግዲህ በምንም ነገር አያምነንም። ስለዚህ የሚነገረው በዕድሜው ልክ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ለትንሹ በደሙ ውስጥ ወታደሮች እንዳሉ፣ መድኃኒቱ ወታደሮቹን የሚያጠቃውን ተባይ እንደሚያስተኛው ይነገረዋል፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ ስሙ ያልተጠራ እውነት ነው። በኋላ ስሙ ሲጠራ አዲስ የሚሆነው ስሙ ብቻ ነው።

ስሙ ከተጠራ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «እናቴ ናት ያስያዘችኝ?» የሚለው ነው። ከዚህ ጥያቄ የሚሸሽ አሳዳጊ አይቼ አልወቅሰውም፤ ግን መሸሽ አይበጅም። መልሱ ተጠንቶ መቀመጥ አለበት። እናቱ ወድዳ አለማድረጓን፣ ብዙዎቹ እናቶች በራሳቸው ደም ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ መውለዳቸውን፣ ያን ጊዜ መከላከያው በእጃቸው አለመኖሩን ማስረዳት ይገባል። ቁጥሩንም ቢሆን ለትልልቆቹ እንነግራቸዋለን፦ ምንም መከላከያ ካልተደረገ ቫይረሱ የሚተላለፈው ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 በሚሆኑት ላይ ነው፣ በሚገባ ከተከናወነ ደግሞ ከ5 በታች ይወርዳል። ይህ ቁጥር እናትን ከወቀሳ ያወጣል፤ ነገር ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይጎትታል፦ «ታዲያ ወንድሜ ላይ ለምን የለም? እኔስ ለምን?» ለዚህ መልስ የለንም፤ የዕጣ ነገር ነው ከማለት በቀር።

ወንድሙ ሲነሣ አንድ ቅሬታዬን ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ቫይረሱ ያለባቸውን ልጆች ብቻ የሚቀበል ቤት ስንከፍት እህትን ከወንድም እንለያያለን። ታማሚው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጤነኛው ከአያት ጋር ወይም ከአጎት ጋር ይቀራል። በገጠር የቀረው ወንድም «እኔን ማን ይወስደኛል?» እያለ ያለቅሳል፤ ደብተርና ጫማ ያለው ታማሚው ነውና። ወደ ቤቱ የገባው ደግሞ ቤተሰብ የነሣውን በሽታ ይረግማል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ወንድማማቾችና እህትማማቾች አለበቂ ምክንያት እንዳይለያዩ ይላል። የእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. ባወጣው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያዝዛል። እኔ ከእነዚህ ሁሉ የማወጣው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ቤት ስምንትና አሥር ልጅ፣ ወንድም ከእህቱ ጋር፣ ቫይረሱ ያለበትም የሌለበትም ተደባልቆ በሰፈር ውስጥ መኖር ይችላል። ቫይረሱ ሳህን በመጋራትና አብሮ በመተኛት የሚተላለፍ አይደለምና ሕክምና ይህን አይከለክልም። እንዲህ ያለው ቤት በሩ ላይ ሰሌዳም አያስፈልገውም። ድሬዳዋ ሲመሽ ሰው ሁሉ ከደጅ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥባት ከተማ ናት፤ በርህ ላይ የሰቀልከውን ሰሌዳ ሰፈሩ ሁሉ ያነበዋል፣ የባጃጁ ሹፌርም ልጁን «የእነዚያ ልጆች ግቢ» ብሎ ያወርደዋል። ረጂው ስሙን ማየት ከፈለገ በቢሮው ግድግዳ ላይ ይስቀልለት።

ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ አልልም። መምህራን ማወቅ ያለባቸው ልጁ ለቀጠሮ ሲቀር እንዳይቀጣ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ልጁ ራሱ ሲፈልግ ይንገራቸው።

ዘመድ ግን መዘለል የለበትም። ቀፊራ ገበያ ቅጠላ ቅጠል የምትሸጥ አያት በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ከልጅ ልጇ ጋር ቡና ብትጠጣ፣ ልጁም በኢድ ወይም በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ወደ እርሷ ሄዶ ቢያድር፣ ከግቢው ሲወጣ የሚሄድበት ሰው አለው ማለት ነው። የቤቱ ሠራተኞች ዘመድ ሲመጣ ፊታቸውን የሚያጠቁሩበት ምክንያት አላቸው፤ የወላጆቹን ቤት ለመያዝ ሲል ብቻ የሚጠጋ አጎት ይገኛል። ለዚህም መድኃኒቱ በር መዝጋት ሳይሆን ሰነድ መያዝ ነው፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጆች የሞት ማስረጃ፣ የቀበሌ ቤት ውል ካለ ቅጂው፣ በፍርድ ቤት የጸደቀ የሞግዚትነት ወረቀት። ከሰነዱ ጎን ደግሞ የእናቱ ፎቶግራፍ፣ የእናቱ ነጠላ ወይም ሻሽ፣ አባቱ የትኛው መንደር እንደተወለደ የሚናገር ወረቀት በአንድ ሣጥን ይቀመጥ። በኡጋንዳ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳይሞቱ በፊት ለልጆቻቸው የትዝታ መጽሐፍ መጻፍ ጀምረው ነበር፤ የእኛዎቹ አልጻፉም፣ ስለዚህ ከአያትና ከጎረቤት እየጠየቅን እኛ እንሰበስበው። የእናቱን ስምና አገር የሚያውቅ ልጅ ለመኖር አንድ ምክንያት ይጨምራል፤ ይህን ደግሞ በምርመራ ወረቀት ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ።

የመጨረሻው የመውጫው ጊዜ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላ ሁለት በር በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ የቤቱም የሕፃናት ክሊኒኩም። በሕፃናት ክሊኒክ ከልጅነቱ ጀምሮ በስሙ የሚጠሩት ነርሶች ነበሩ፤ በአዋቂዎቹ ክሊኒክ ቁጥሩ ይጠራል፣ ወንበሩ በማያውቃቸው ሰዎች የተሞላ ነው፣ ከእነርሱም አንዱ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። በዚያው ወር ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሮ በፈረቃ መሥራት ይጀምራል፣ ሳቢያን ወይም ለገሀሬ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል፤ መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት ቁም ሣጥን የለውም፣ የምሽቱ ሁለት ሰዓት ሥራ ላይ ያገኘዋል። ይወድዳል፣ ይወደዳል፤ ለወደደው ሰው ምን እንደሚልም ያስጨንቀዋል። መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ፣ ከቫይረስ ነፃ የሆነ ልጅም መውለድ እንደሚቻል ይህ ወጣት ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ ደጋግሞ፣ ከሐኪም አፍ መስማት አለበት። ብዙዎቹ ይህን የሚሰሙት ከተጣሉና ከተለያዩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለቤቶቹ አስተዳዳሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመውጫው አንድ ዓመት አስቀድሞ ወጣቱ መድኃኒቱን ለአንድ ወር ሙሉ በራሱ ሣጥን ይዞ ይኑር፤ መዝገብም አይሞላበት፣ የቫይረስ መጠን ምርመራው ይመስክር። የመድኃኒት ሰዓቱ ከሚጀምረው የሥራ ፈረቃ ጋር ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይስተካከል። ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ሲዛወር ከእርሱ በፊት ከቤቱ የወጣ አንድ ታላቅ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች አብሮት ይሂድ፤ ይህን በፈቃደኝነት የሚያደርጉ ወጣቶች በከተማችን አሉ፣ የሚያስፈልጋቸው የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የቤት ኪራይ በከፊል ቤቱ ይሸፍንለት። ቅዳሜ ማታም እንደ ድሮው ለእራት ወደ ግቢው ይምጣ፤ ሲመጣም የቤት እናቷ «ዋጥክ?» ብላ ከመጠየቋ በፊት እራቱን ታቅርብለት።